የሚነዝሩ ቤቶች

ቦርደዴ ውስጥ ቤት የሚታወቀው በባለቤቱ ስም ብቻ አልነበረም፤ በሚነዝረው ነገሩም ነበር። «የእነ እገሌ የብረት በር ይነዝራል፣ በእጅህ እንዳትገፋው»፤ «የሻይ ቤቷ ማብሪያ በእንጨት ነው የሚጫነው»፤ «የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ ተደግፈህ እንዳትቆም»። ልጅ ሱቅ ሲላክ ገንዘቡን በመዳፉ፣ ይህን ደግሞ በጆሮው ይዞ ይሄዳል። እንግዳ ሲመጣም ከውሃና ከመኝታ ቀጥሎ የሚነገረው ይኸው ነው። አነጋገሩ ግን የፍርሃት አልነበረም። እዚያ ግቢ ተናካሽ ውሻ አለ እንደሚባለው ነበር የሚነገረው፤ ውሻው እንዳለ ይኖራል፣ ሰውም ዞሮ ያልፋል።

የከተማዋ ሰው የትኛው ቤት የቱ ላይ እንደሚነዝር አብጠርጥሮ ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ እያወቀ ነገሩ ሳይጠገን ዓመታት መክረሙ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

ቦርደዴ ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በሚኤሶ በኩል ወደ አሰበ ተፈሪ በሚያቀናው አስፋልት ላይ ያለች የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ግራር፣ ግመልና ፍየል ነው። ገበያዋ ላይ ኦሮሞው፣ አፋሩና ኢሳው ይገናኛሉ። ከአሰበ ተፈሪ ደጋ የተለቀመ ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ በመሀሏ ሰንጥቆ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። ዝናብ ሲመጣ ይመጣል፤ ካልመጣ ግን አፈሩ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከእግር ሥር እንደ ዱቄት እየቦነነ ወራት ይቆያል። ይህን አፈር ልብ በሉልኝ፤ ለነገሬ ዋናው እሱ ነው።

መብራት ከመግባቱ በፊት ዘመኑ የኩራዝና የፋኖስ ነበር። በኋላ አንድ ነጋዴ ጄኔሬተር አመጣና ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ለጎረቤት መብራት መሸጥ ጀመረ። ለአንድ ቤት አንድ አምፖል፣ ክፍያው በወር። ሽቦው ከቤት ቤት የሚሄደው በግራር ቋሚ ላይ ተጠማዞ፣ በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ተጎትቶ፣ በጭቃ ግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ ነው። የተቀጠለበት ቦታ ናስትሮ ካለ በናስትሮ፣ ከሌለ በፌስታል ይጠቀለላል። ፌስታሉን ፀሐይ በልቶት ሲረግፍ መዳቡ ራቁቱን ይቀራል።

እንዲያም ሆኖ ጄኔሬተሩ ሰው አይነዝርም ነበር፤ ቢያንስ እንደ ኋላው አልነበረም። ከእኛ ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች ራቁቱን ያለ አንድ ሽቦ በእጃቸው ይዘው ጀግንነት ያሳዩን ነበር። እኛም በአድናቆት አፋችንን እንከፍት ነበር። ምሥጢሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ኤሌክትሪክ ከአንድ ምንጭ ወጥቶ ተመልሶ ወደዚያው ምንጭ መግባት አለበት፤ መመለሻ መንገድ ካላገኘ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ያ ጄኔሬተር ሁለት ሽቦ ነበረው፣ ከሁለቱ አንዱም ከመሬት ጋር አልተያያዘም። መሬት ላይ የቆመ ልጅ አንዱን ሽቦ ቢነካ ኤሌክትሪኩ በእሱ አልፎ መሬት ቢደርስ እንኳ ከመሬት ወደ ጄኔሬተሩ የሚመልሰው መንገድ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ ከያዘ ብቻ ነው ጉድ የሚፈላው። ስለዚህ ከተማው ስለ ኤሌክትሪክ የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት «አንድ ሽቦ ብቻውን አይጎዳም» የሚል ሆነ። ለጄኔሬተሩ ዘመን ትምህርቱ፣ ሌላው ሽቦ መሬት እስካልነካ ድረስ፣ ትክክል ነበር።

ከዚያ የመብራት ኃይል መስመር ገባ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲቋቋም የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር፣ ኋላ ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ ለሕዝቡ ግን ስሙ ምንጊዜም መብራት ኃይል ነው። ከቆቃ ወደ ድሬዳዋ የሚያልፈው ከፍተኛ መስመር በዚያ ሜዳ ላይ በትልልቅ የብረት ማማዎች ላይ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ፣ ከሥሩ በኩራዝ የሚያመሽ ሰው ብዙ ነበር። ስለዚህ ምሰሶ ተተክሎ፣ ትራንስፎርመር ተሰቅሎ፣ ቆጣሪ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። አምፖሉ ከጄኔሬተሩ ዘመን ይልቅ ደምቆ በራ፣ አራት ሰዓት ላይም አልጠፋም።

ትራንስፎርመሩ በሺሕዎች የሚቆጠረውን ቮልት ወደ 220 ያወርደዋል። ከእሱ ከሚወጡት ገመዶች አንዱ፣ ኒውትራል የሚባለው፣ እዚያው ምሰሶው ሥር ከመሬት ጋር ይታሰራል። ሲደረግ ያየ ሰው መዳብ ሽቦ በምሰሶው ጎን ወርዶ አፈር ውስጥ ሲገባ አይቷል። ይህ የሚደረገው በበቂ ምክንያት ነው፤ መብረቅ መስመሩን ቢመታ ወይም ከላይኛው መስመር ከፍተኛ ቮልት ወደ ታችኛው ቢሻገር መሬት ውስጥ የሚሰምጥበት መንገድ እንዲኖረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የምንረግጠው መሬት ራሱ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ሆነ። ፌዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ተሸካሚውን ሽቦ፣ የነካ ሰው መሬት ላይ ከቆመ ሁለቱንም ነካ ማለት ነው። «አንድ ሽቦ ብቻውን አይጎዳም» የሚለው ትምህርት በአንድ ጀምበር ውሸት ሆነ፤ ይህን ግን ለማንም የነገረ አልነበረም።

ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ሽቦ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ የዘረጋው ሽቦ አለው፤ የጄኔሬተሩ ዘመን ሽቦ። ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ የተጎተተውም፣ በፌስታል የተጠቀለለውም፣ እንዳለ ከአዲሱ ቆጣሪ ጋር ተያያዘ። አዲስ ገመድ የገዛም ቢሆን የገዛው ባለ ሁለት ነው። በባለ ሁለት ገመድ አምፖል ይበራል፣ ሬዲዮ ይጮኻል፣ ቴሌቪዥን ይታያል። ሦስተኛዋ፣ ብረቱን ከመሬት ጋር የምታስረው የግራውንድ ሽቦ፣ ታዲያ ምን ታደርጋለች? ነገር ደህና በሆነበት ቀን ምንም። ማንም የማትሠራን ሽቦ በሜትር ዋጋ አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኢቢሲኤስ 10 የተባለው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ የግራውንድን ነገር አስፍሮት ነበር። ደንቡ የነበረው ግን አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የቦርደዴን ጭቃ ቤት የሚሠራው አናጢ በሕልሙም አላየው።

ሰው መላ አያጣምና ለመንዘሩም መላ አገኘለት። ብረት ነክ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ጀርባ ይነካል። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ጡንቻን ሲያኮማትር መዳፍ የያዘውን ጨብጦ ይቀራል፣ የእጅ ጀርባ ግን ከነካው ይሸሻል። ከጎማ የተሠራ በረባሶ ያደረገ ሰው በባዶ እግሩ ካለው ይልቅ ደፋር ነበር። ስለዚህ አባወራው «ምንም የለውም» የሚለውን በር ልጅቷ «ይነዝራል» ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቴሌቪዥኑ ወይም ምጣዱ ሲነዝር ደግሞ መድኃኒቱ «ስፒናውን ገልብጠሽ ሰኪው» ነው። ይገለበጥና እውነትም ይቀንሳል። በዕቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመልጥበት ቦታ ወደ አንደኛው ጫፍ ያጋደለ ከሆነ፣ ስፒናው ሲገለበጥ ያ ጫፍ ከፌዝ ወደ ኒውትራል ይዞራል፤ ንዝረቱም ይለዝባል። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ በሌላ በኩል ይሰካዋል።

የአክስቴ ቤት ከሚነዝሩት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ከጣሪያው ማገር ጫፍ ጀምሮ እስከ ግቢው ግራር ድረስ የልብስ ማስጫ ሽቦ ተወጥሯል፤ ጫፉ የታሰረው ከቆርቆሮው ጋር በተመታ ሚስማር ላይ ነው። የበጋው ወራት በሙሉ ልብስ ይሰጣል፣ ይነሣል፤ ማንም ምንም አላለም።

የመጋቢት ዝናብ ግን ድንገት ወረደ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አክስቴ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች፣ ልብሱን ልታነሣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንሶላውን ጨምድዳ ስትስበው ክንዷ ሽቦውን ነካና በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተወርውራ ጭቃው ላይ በጀርባዋ ወደቀች። ጥሎ መልቀቁ ነው ያተረፋት፤ በመዳፏ ይዛው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ጎረቤት ተንጋግቶ መጣ። «መብረቅ ነው» ያለ አለ፤ «ዓይን ነው» ያለችም አለች። አንድ የሹፌር ረዳት ግን ማንንም ሳያዳምጥ የመጥረጊያ እንጨት አንሥቶ ሄደና ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ በእንጨቱ ወደ ታች መታው። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የነካት።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በማግስቱ በአውቶቡስ መጣ። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ሙያውን በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የለመደ፣ በየከተማው እየዞረ የሚሠራ። መሣሪያው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ጥቅል ናስትሮ፣ ብልጭ የምትል ቴስተርና፣ ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል ነበር። ከሁሉ የሚያምነው አምፖሏን ነው። መብራቱን አስበርቶ፣ እርጥቡ መሬት ላይ አንድ ፌሮ ብረት በመዶሻ መታ፤ ከአምፖሏ ሽቦ አንዱን ፌሮው ላይ፣ ሌላውን በተላጠ እንጨት ደግፎ ቆርቆሮው ላይ አስነካ። አምፖሏ ክሯ ቀላ፤ ደምቃ አልበራችም፣ ግን ቀላች። ጣሪያችን በሙሉ ፌዝ ሆኗል ማለት ነው። ሄዶ ማጥፊያውን አጠፋና ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ከሚያርፍበት ጠርዝ ሥር ጣቱን ሰደደ። ሽቦው የገባው በዚያ ነው። ነፋስ ጣሪያውን በነቀነቀው ቁጥር የቆርቆሮው ስል ጠርዝ የሽቦውን ልባስ ሲገዘግዘው ኖሯል፤ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ተበጥሰው ብረቱን ተደግፈው ቆመዋል። ከዚያ የበለጠ ነገር አልነበረም። ሁለት ክር።

«እትዬ» አላት፣ «ይቺ ቤት እኮ ትናንት አይደለም መንዘር የጀመረችው። ቢያንስ ከመስቀል ጀምራ ስትነዝር ነው የከረመችው፤ የሚነካት ጠፍቶ ነው እንጂ።»

«ምነው ልጄ፣ በየቀኑ ልብስ እያሰጣሁባት?»

«አቦ፣ በየቀኑ በረባሶ አድርገሽ፣ በደረቅ አቧራ ላይ ቆመሽ!»

ይህን ነገር አልረሳሁትም። ደረቅ አፈር፣ ደረቅ እንጨት፣ ደረቅ ጭቃ ኤሌክትሪክን እንደልብ አያሳልፉም። ቆርቆሮው ወራት ሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ፣ ወፍ እያረፈበት፣ ድመት እየተኛበት ኖሯል። ወፏ ሁለት እግሯን አንድ ብረት ላይ ስላሳረፈች ምንም አይሆናትም፤ መመለሻ የለውማ። ሰው በጎማ ጫማ በአቧራ ላይ ቆሞ ሲነካው የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ስለሆነ አይሰማውም። ዝናቡ አፈሩን፣ ግድግዳውንና የአክስቴን እግር ሲያርስ ግን የተዘጋው በር ተከፈተ። ዝናቡ ብልሽት አልፈጠረም፤ የነበረውን አወጣው። ቦርደዴ ላይ «በዝናብ ጊዜ ይነዝራል» የተባለ ቤት ሁሉ በበጋም ብልሹ ነበር።

የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ደግሞ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሲነገር ማንም አያምንም። ያች ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል በ220 ቮልት ስትበራ 270 ሚሊአምፔር ገደማ ትጠጣለች። ሰው ወደ 10 ሚሊአምፔር ሲደርስበት የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ 30 ከሆነና ከቆየ ትንፋሽና ልብ አደጋ ላይ ናቸው። አንዲት ደካማ አምፖል ከምትወስደው ዘጠኝ እጅ አንዱ እጅ ማለት ነው። ፊውዙም ሆነ ብሬከሩ ይህን አያዩም፤ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ 10 ሺሕ ሚሊአምፔር ተሸክሞ ዝም ይላል። የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ሰውን ለማትረፍ አልተሠራም።

ሠራተኛው ሌላም ነገር አገኘ። የመኝታ ቤቱ ማብሪያ የሚቆርጠው ፌዙን መሆን ሲገባው ኒውትራሉን ነበር። አምፖሉ ይጠፋል፣ አምፖሉ የሚሰካበት ግን ፌዝ እንደተሸከመ ያድራል። አጥፍቼዋለሁ ብሎ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ የወጣ ሰው ነው ዕዳውን የሚከፍለው። ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር የአንድ ሲኒ ቡና መጠጫ ጊዜ አልፈጀበትም።

አክስቴ ታዲያ ክሊኒኩ አጠገብ የተቀበረ የግራውንድ ብረት አይታ ስለነበር «እንዲያ ያለ ብረት ቅበርልን» አለችው። እሱ ግን እንደጠበቅነው ደስ አላለውም። «አሰበ ተፈሪ ቢሆን እሺ፤ እዚያ አፈሩ እርጥብ ነው። እዚህ ብረት መቅበር ዱቄት ውስጥ መቅበር ነው» አለ። ነገሩን ቆይቼ በወረቀት ላይ ስሠራው ልክ ሆኖ አገኘሁት። በደረቅ አፈር ውስጥ የተቀበረ አንድ ብረት የ100 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል፤ ትራንስፎርመሩ ሥር ያለው 10 ኦም። ፌዙ ቆርቆሮውን ሲነካ የሚፈሰው 2 አምፔር ብቻ ነው። ብሬከሩ አይቆርጥም። ቆርቆሮውም፣ ግራውንድ ተደርጎለት፣ ወደ 200 ቮልት ተሸክሞ ይቀመጣል። ብረት ተቀብሯልና ቤቱ ዳነ ብሎ ያሰበ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ተዘናግቷል።

ቢሆንም ቀበረልን። የቀበረበትን ቦታ አመራረጡ ግን የሙያ ነው። ግቢውን ዞሮ አየና የዕቃ እጣቢ ሁልጊዜ የሚደፋበትን፣ አፈሩ በበጋም የሚረጥበውን የማድቤቱን ጀርባ መረጠ። ጉድጓድ አስቆፈረን፣ ብረቱን መታ፣ ዙሪያውን በተፈጨ ከሰልና ከአፋር በመጣ ጨው እያፈራረቀ ሞላው። ጨው እርጥበትን ይይዛል፣ ኤሌክትሪክንም ያሳልፋል፤ ውሎ አድሮ ግን ታጥቦ ይሄዳል፣ ብረቱንም ይበላዋል። «በየዓመቱ አይታችሁ ጨምሩ» ብሎ ነበር። አክስቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ከማድቤቱ ጀርባ ጨው ስትነሰንስ ያየ ጎረቤት ሌላ ነገር ጠርጥሮ ያውቃል።

መፍትሔው የመጣው ሌላ ጊዜ ነው፤ አርሲዲ የሚባል፣ ከብሬከር ከፍ የሚል ዕቃ። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያነጻጽራል፤ እኩል ካልሆነ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ መሬት ገብቷልና በቅጽበት ይቆርጣል። ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊአምፔር ላይ ነው የሚቆርጠው። ይህን ዕቃ ካበለጸጉት አንዱ ሄንሪ ሩቢን የሚባል ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች የጀመረው ሥራ ነው። እኛ በአፍሪካ ቀንድ የምንሸሸው ችግር በደቡብ አፍሪካ ጉድጓድ ውስጥ መላ ሲበጅለት ቦርደዴ ገና ኩራዝ ላይ ነበረች። ቁም ነገሩ ግን ሒሳቡ ላይ ነው። ያ በደረቅ አፈር ውስጥ ያለው፣ ብቻውን ምንም የማይረባው ብረት፣ ከአርሲዲ ጋር ሲጣመር ይበቃል። ተቃውሞው 500 ኦም እንኳ ቢሆን ከ400 ሚሊአምፔር በላይ ያሳልፋል፣ አርሲዲው የሚፈልገው 30 ነው። አርሲዲ ብቻውን ከሆነ ቆርጦ የሚያድነው ሰው ከነካ በኋላ ነው፤ ግራውንድ ካለ ግን ሰው ሳይነካ፣ ሽቦው ቆርቆሮውን በነካ ሰዓት ይቆርጣል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ዘመን መጣ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል ተቀብሎ በምትኩ ቆጣቢውን፣ ጠመዝማዛውን አምፖል በአገሪቱ በሚሊዮን አደለ። ያኔ አዲስ ጉድ ተሰማ፤ ማታ የጠፋ አምፖል በጨለማ ውስጥ ብልጭ፣ ቆይቶ ደግሞ ብልጭ ይላል። ኤልኢዲ ሲመጣ ደግሞ ጨርሶ ሳይጠፋ እንደ ከሰል ፍም ደብዝዞ የሚያድር ተገኘ። «ጂኒ ገብቶበታል» ተብሎ አምፖሉ የተጣለበት ቤት አውቃለሁ። ነገሩ ያው የቀድሞው ሽቦ ነው። ማብሪያው ኒውትራሉን ሲቆርጥ፣ ወይም የጠፋው ሽቦ ከበራው ጋር ተጠጋግቶ ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ በመካከላቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያለ ንክኪ ይሻገራል። የድሮው አምፖል ብዙ ይጠጣ ነበርና ይህን አይቆጥረውም። ቆጣቢው ግን በውስጡ ጠብ ጠብ እያደረገ ያጠራቅምና ሲሞላለት አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ያራግፈዋል።

ወጣቶቹ ሠራተኞችም ዲጂታል መለኪያ ይዘው መጡ። ከሁለቱም ጫፍ በተፈታ፣ ከምንም ጋር ባልተያያዘ ሽቦ ላይ 80፣ 90 ቮልት ሲያነብ እጃቸውን ይሰበስባሉ። የድሬዳዋው ሰውዬ ግን ያችን ባለ ስልሳ ሻማ አምፖሉን ያስነካዋል፤ ቁጥሩ ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። መለኪያው የሚጠጣው ኢምንት ስለሆነ የሚያየው ጥላውን ነው፤ አምፖሏ ግን ጉልበት ያለውን ከሌለው ትለያለች። ያን ጊዜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ብልጭ የሚለው አምፖልና በመለኪያ ላይ የሚታየው ባዶ ቁጥር ሰውን አስፈሩ፣ ማንንም ግን አልጣሉም። አክስቴን የጣላት ጣሪያ ወራት ሙሉ ማንንም አላስፈራም።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ያለው ያ ሜዳ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አገር ሆነ። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺሕ ቮልት ይሸከማል፤ ባቡሩን ከጎተተ በኋላ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በሐዲዱ በኩል ነው። እንዲህ ያለ መስመር ሲሠራ በዙሪያው ያለ ብረት፣ ምሰሶውም አጥሩም፣ ከመመለሻው ወይም ከመሬት ጋር በሽቦ ይታሰራል፤ ስንት ኦም እንደሆነም ይለካል። የሜዳው አፈር ምን ያህል ደረቅ እንደሆነም በመሐንዲሶቹ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ያንኑ አፈር እየረገጠ የሚኖር ሰው ቤት ሲሠራ ግን አፈሩ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ቦርደዴ ዕውቀት ጎድሏት ነበር ማለት ይከብደኛል። በእጅ ጀርባ መንካት ዕውቀት ነው። ስፒና መገልበጥ ዕውቀት ነው። የትኛው በር በየትኛው ወር እንደሚነዝር መናገር እንኳንስ ለተራ ሰው ለባለሙያም የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ያ ሁሉ ግን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ ካቻቢቴ ወደያዘ ሰው ጆሮ አልደረሰም። ንዝረቱን ለባለሙያ መንገር ገንዘብ ማውጣት ነው፤ የወጣውም ገንዘብ ሲበራ አይታይም። ለአምፖል የተከፈለ ያንኑ ማታ ይታያል። ለግራውንድ የተከፈለ የሚታየው አንድ ሰው ሳይወድቅ ሲቀር ነው፤ ሳይወድቅ የቀረን ሰው ደግሞ ማንም አይቶት አያውቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት በሁላችንም አፍ አለ፤ ቅጠሉን የሚገዛ ነው የጠፋው።

ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ በሚኤሶም ሆነ በአሰበ ተፈሪ፣ ቤት ተከራይ ስለ ቤቱ ሲጠይቅ እሰማለሁ። ቆጣሪው የግል ነው ወይ? ስንት ሶኬት አለው? ምጣድ ይችላል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ብሆን ከእነሱ በፊት ባለቤቱን ሳይሆን ልጆቹን እጠይቃለሁ፦ እዚህ ግቢ የማትነኩት ነገር አለ? ልጆቹ ካመላከቱኝ፣ ቀጥሎ የምጠራው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለሦስተኛዋ ሽቦም ሆነ ለአርሲዲው ከኪራዩ ላይ ተቀንሶ የሚከፈል መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፌ እገባለሁ።